የገሃድ ጉርሻ

በኮኪት ከተማ የየትናየትን ምላስ ያልቀመሰ ሰው ካለ ትናንት የደረሰ ሹፌር መሆን አለበት። እሱም ቢሆን ምሳውን አዝዞ "ምነው ዘገየ?" ካለ ቀምሶ ይሄዳል። ምላስ አጥንት የለውም አጥንት ግን ይሰብራል ሲባል አገሬው ስለ ማን እንደሆነ አይጠይቅም። ከመንገዱ ዳር፣ ከኒም ዛፏ ጥላ ሥር፣ ከቆርቆሮ ምግብ ቤቷ በር ላይ ጭልፋ ይዛ የቆመችውን ሴት በዐይኑ ይጠቅሳል።

ይህች ሴት ናት እንግዲህ በስተርጅና ቆራቢ ልሁን ብላ የተነሣችው።

ከበለሳ የወረደችው በኮረዳነቷ ነው፤ ባሏ አምባው ሰሊጥ ሊያጭድ ሲወርድ ተከትላው መጣች። እሱ ውሎ አድሮ ትራክተር ነጂ ሆነ፤ እሷ አብደራፊ በአንድ ባለሀብት እርሻ የሳሉጎች ወጥ ሠሪ ሆነች። ሳሉግ የሚባለው ከደጋ ለአረምና ለአጨዳ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ነው፤ ከጎጃም ይመጣል፣ ከወሎ ይመጣል፤ ሲመጣ ባዶ ሆዱን ነው፣ ሲመለስ ወባውን ይዞ ነው። ለዚያ ሁሉ ሰው ሽሮ የሚሠራው በበርሜል ስለነበር አንድ ሴት ብቻዋን አታማስለውም። ከበርሜሉ ወዲያ ማዶ ቆማ የምታማስለው ባየሽ ነበረች። ሁለቱ በአንድ ድንኳን አድረዋል፤ በአንድ ትሪ በልተዋል፤ አንዷ ስትታመም ሌላዋ የሁለቱን ሥራ ሠርታለች። ጊንጥ የነደፈውን የየትናየትን እግር በምላጭ በጥታ ደሙን ያፈሰሰችው ባየሽ ናት።

አምባው በካላዛር ሲሞት የትናየት ወደ ኮኪት መጥታ ምግብ ቤት ከፈተች። አረቄም ትሸጥ ነበር፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም፤ ኮኪት ውስጥ የእሷን አረቄ ጠጥቶ ቦይ ውስጥ ያላደረ ጎልማሳ ጥቂት ነው። ባየሽም ተከትላ መጥታ ከመንገዱ ማዶ ግሮሰሪ ከፈተች። ሁለቱ ሲስማሙ ከተማው ፈራ፤ ሲጣሉ ደግሞ ተዝናና።

አምባው በሕይወት ሳለ "ሲደላን አብረን እንቆርባለን" ይላት ነበር። መች ደላቸው! ካለፈው ትንሣኤ ወዲህ ግን የትናየት አረቄውን ደፍታ፣ ንስሐ ገብታ፣ ሥጋ ወደሙን መቀበል ጀመረች። ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ስታበላ የኖረች ሴት ናት፤ ሌላው ቀርቶ በራሷ ሠርግ እንኳ ወጥ ያወጣችው እሷ ነበረች። ተጋባዥ የምትሆንበት ማዕድ ያ ብቻ ነበር። የመጀመሪያ ቀን ተቀብላ ስትመለስ ነጠላዋን አፏ ላይ እንዳደረገች ቀኑን ሙሉ ሰው አላናገረችም፤ ደንበኛው ሁሉ የታመመች መስሎት ነበር።

ኮኪት ለሰካራም ምሕረት አላት፤ ለሌባም አንዳንድ ጊዜ አላት። ለቆራቢ ግን የላትም። "እትዬ የትናየት፣ ዛሬ አንድም ሰው አልተሰደበ፤ አመመዎት እንዴ?" እያለ የሚነካካት ብዙ ነው። አንዱ ሹፌር ሆን ብሎ ወጥ ገበታው ላይ ይደፋና ፊቷን ያያል። ተቆጥታ ከተሳደበች "ቆራቢ ሆነሽ!" ይላል፤ ዝም ካለች ነገ ደግሞ ይደፋል።

እሷም ብትሆን ንጹሕ አይደለችም። በግንቦት ባየሽ ልጇን ክርስትና አስነሣች። ልጅ ተስኗት፣ ስንት ጸበል ለጸበል ተንከራትታ፣ አርባን ካለፈች በኋላ የወለደቻት ሴት ልጅ ናት። ድንኳን ተጣለ፤ በሬ ወደቀ። ባየሽ ለሌላው አስተናጋጅ መድባ ለየትናየት የሚሆነውን ትሪ ራሷ ይዛ መጣች። የትናየት ትሪውን በእጇ ጀርባ ገፋ አደረገችና ድንኳን ሙሉ ሰው እየሰማ "እኔ ከመጠጥ ቤት እጅ አልበላም፤ ቆራቢ ነኝ" አለች። ያውም አረቄው ከቤቷ ሽታው ሳይለቅ! ባየሽ ትሪውን እንደያዘች ቀረች። ከዚያች ቀን ጀምሮ ተቆራረጡ።

መቆራረጥ ሲባል ግን ዝምታ አይደለም። ባየሽ የግሮሰሪዋን ድምፅ ማጉያ ወደ የትናየት በር አዞረችው። የትናየት ለጸሎት ስትቆም ዘፈኑ ይጨምራል፤ ተንበርክካ ስትነሣ ይቀንሳል። የትናየት በበኩሏ የዕቃ እጣቢዋን ነፋስ ወደ ማዶ በሚነፍስበት ሰዓት ትደፋለች። እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ እንዲሉ፣ ሁለቱም በየበራቸው ተቀምጠው ሲጠባበቁ ይውላሉ።

ታኅሣሥ ገባ። የታኅሣሥ ኮኪት ደግሞ ጾም የሚያስጾም አገር አይደለም። ማሽላው ይታጨዳል፤ ሰሊጡ ተጭኖ ይሄዳል፤ ሳሉጉ ደመወዙን በኪሱ ሸጉጦ ወደ ከተማ ይጎርፋል። ለእናቱ ነጠላ፣ ለራሱ ጫማ ይገዛና የጎንደር አውቶቡስ እስኪገኝ ድረስ የሚያደርገው ያጣል። ሥራ የፈታ እጅ ብርጭቆ አያጣም። በየግንዱ የቅርጫ በሬ ታስሯል፤ ማኅበርተኛው በሬውን እየዞረ ሻኛውን ይዳብሳል፤ ዶሮ በእግሯ ተንጠልጥላ በባጃጅ ትሄዳለች፤ ሽንኩርት ተወደደ ተብሎ ሰው ይደባደባል። ስለ በዓሉ የማይሯሯጥ ክርስቲያን የለም። የበዓሉን ባለቤት የጠራው ግን አልነበረም።

የትናየት ለመጸለይ ሞክራለች። ድስቱን እያማሰለች "አባታችን ሆይ በሰማያት የምትኖር" ትላለች፤ "ስምህ ይቀደስ" ላይ ሳትደርስ "አንተ ጅብ፣ ሦስተኛ እንጀራህ ነው እኮ!" ትላለች። እንደገና ትጀምራለች። እንደገና አንዱ ይጠራታል። ማታ እግሯ አብጦ አልጋዋ ላይ ስትወድቅ ቀኑን ሙሉ ከእግዚአብሔር ጋር ያወራችውንና ሰው የሰደበችውን ስታመዛዝነው ያሳፍራት ነበር።

ገና ሲቃረብ የንስሐ አባቷን ቄስ ምናለን ፍለጋ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ከዛፍ ሥር ተቀምጠው አገኘቻቸው። መስቀል ተሳልማ ጎንበስ አለችና ጀመረች።

"አባ፣ በጾም ጥብስ ትጠብሳለች። ጭሱ እኔ ቤት ይገባል። ስጸልይ ዘፈን ትከፍታለች። ለሹፌር በዓርብ ቀን ሥጋ..."

"የማንን ኃጢአት ነው የምትነግሪኝ?" አሉ ቄስ ምናለ።

"የባየሽን ነዋ!"

"እሷ ራሷ መጥታ ትንገረኝ። አንች ያንችን አምጭ።"

"የኔማ ያው ምላሴ ነው፣ አባ። የሚያውቁት ነው።"

"ምላስሽ ምን አለ?"

የትናየት መሬቱን በጣቷ እየጫረች የክርስትናውን ነገር እየቆረሰች አወጣችው። ቄስ ምናለ ሰምተው ሲጨርሱ ፊታቸው ጠቆረ።

"ቆራቢ ጎረቤቱን ይጸየፍ የሚል ሥርዓት ማን ሠራልሽ? አንች ጳጳስ ነሽ?"

"አባ፣ እሷም እኮ..."

"ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው። ሂጅና ታረቂ። ካልታረቅሽ ለገና እንዳትቀርቢ፤ ብትቀርቢም አላቀብልሽም።"

የትናየት ነጠላዋን እያስተካከለች ተነሣች። ወደ ቤቷ ስትመለስ በባየሽም፣ በቄሱም፣ በመንገዱ አቧራም እኩል ተናድዳ ነበር።

ዛሬ እሄዳለሁ ነገ እሄዳለሁ ስትል የገና ገሃድ፣ የዋዜማው ጾም ደረሰ። ያን ቀን የሚቆርብ ሰው ቅዳሴው እስኪያልቅ ውኃ እንኳ አይቀምስም። ወጥ ሠሪ ለሆነ ሰው ደግሞ ይህ ሌላ ጣጣ አለው፤ የወጥ ሠሪ እጅ ልማድ ነውና ሳታስበው ከጭልፋው መዳፏ ላይ ጠብ ታደርግና ትልሳለች። በዚህ የተነሣ ጎረቤቷ ባለሱቋ መጂዳ በቁርባኗ ቀን እየመጣች ጨው ትቀምስላታለች። በፍስክ ጊዜ ሥጋውን መጂዳ አትነካውም፤ የሚያርደው ክርስቲያን ነዋ። ምስርና ሽሮውን ግን ትቀምሳለች። በረመዳን ደግሞ የትናየት ተሻግራ የመጂዳን ሾርባ ትቀምሳለች።

"ምስሩ ጨው ያንሰዋል" አለች መጂዳ ማንኪያውን እየላሰች። "ሽሮው ደኅና ነው። አንች ግን ምነው አልሄድሽም? ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ነው።"

"ሥራ አለብኝ።"

"ሥራ መቼ አልቆ ያውቃል? ሂጅ እንጂ! እኔ ድስቱን አያለሁ።"

"አንች ደግሞ ማን ሽማግሌ አደረገሽ?" አለች የትናየት። ሽርጧን ግን ፈታች፤ ነጠላዋን ለበሰች። ከሌሊት ጀምሮ እህል ውኃ አልቀመሰችም። የጭነት መኪና አሳልፋ መንገዱን ተሻገረች።

የባየሽ ግሮሰሪ በሹፌሮችና በሳሉጎች ጢም ብሏል። ዘፈኑ ግድግዳውን ያንቀጠቅጣል። ባየሽ ከባንኮኒው ኋላ ሆና ስታያት መጀመሪያ ማመን አልቻለችም።

"እትዬ ቆራቢ! መንገድ ጠፍቶሽ ነው?"

"ይቅር በይኝ ልልሽ ነው የመጣሁት።"

"አልሰማሁም።"

"ይቅር በይኝ!"

ባየሽ እጇን ዘርግታ ዘፈኑን ዘጋችው። ቤቱ ጸጥ አለ፤ የሰው ሁሉ ዐይን ወደ በሩ ዞረ። "አሁን ድገሚው" አለች።

"ይቅር በይኝ አልኩሽ እኮ! ደንቆሮ ነሽ?"

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ባየሽ አልሳቀችም። "ስለ ምኑ?" አለች።

የትናየት ወደ ባንኮኒው ቀረበች። "ስለ ክርስትናው። በልጅሽ ቀን ሰው ፊት አዋረድኩሽ። ጥፋቱ የኔ ነው" አለች።

ባየሽ ወደ ጓዳ ገባች። ስትመለስ በሣህን እንጀራና ሽሮ ይዛለች። ባንኮኒው ላይ አስቀምጣው ጠቅልላ አንድ ጉርሻ አነሣች።

"የጾም ነው፤ ቅቤ አልነካውም። ለራሴ የሠራሁት ነው" አለች። "የዚያን ቀን ያልበላሽውን ዛሬ ብይልኝ። ቂም ከሌለሽ ጉረሺ።"

የትናየት ሌሊት እንደምትቆርብ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ባየሽ ከማንም ይበልጥ ታውቃለች፤ ሥጋ ቢሆን ጾም ነው ተብሎ እምቢ እንደሚባል ስለምታውቅ ነው ሽሮ ያመጣችው። የታረቀ ሰው አብሮ ይበላል፤ ያልበላ አልታረቀም፤ ይህን ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። ብትጎርስ ቁርባኑ ቀረ። ባትጎርስ አልታረቀችምና ቁርባኑ ቀረ።

ስድቡ በየትናየት ምላስ ላይ ሙሉ ሆኖ መጣ። ከባየሽ አባት ጀምሮ እስከ ግሮሰሪው ሴቶች የሚደርስ፣ ቢነገር ኮኪት ዓመት የሚያወራው ስድብ ነበር። አፏን ከፈተች። ያን ጊዜ የባየሽን ፊት አየችው። ባየሽ የምትጠብቀው እምቢታዋን ነበር። እምቢ ትላትና ለሰባት ወር የያዘችው ቂም ዕድሜ ልክ ይጸድቅላታል፤ "አያችሁ፣ ያች ቆራቢ ተብዬ!" እያለች ታረጃለች። ጉርሻውን ግን እንደዚያን ቀኑ ትሪ ይዛ ቆማ ነበር።

የትናየት ተናደደች። በባየሽ ተንኮል ተናደደች፤ ታረቂ ብለው በላኳት ቄስ ተናደደች፤ ነገሩን እያየ ዝም ባለው በእግዚአብሔርም ጭምር ተናደደች። ያን ቀን ሙሉ የጾመችው፣ ያን ወር ሙሉ የለፋችው ለዚያች ሌሊት ነበር። የከፈተችውን አፏን አልዘጋችውም። ባየሽ አጎረሰቻት።

አኘከች። ዋጠች።

"ጨው አብዝተሻል" አለች።

"አንድ ጉርሻ ያጣላል!" አለ ከኋላ አንዱ ሹፌር፤ ለቀልድ ነበር። ባየሽ አልሰማችውም ይሆናል፤ እጇ ግን ሁለተኛውን መጠቅለል ጀምሮ ነበር፤ ይኸኛውን ቀስ ብላ ነው ያጎረሰቻት። የትናየት እሱንም ዋጠች።

"ታረቅን?" አለች።

"ታረቅን" አለች ባየሽ።

አልተሳሳሙም። የትናየት ወጥታ መንገዱን ተሻገረች፤ ከቤቷ ጓሮ ገብታ ከማገዶው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። በንስሐ እንዳይመስላችሁ፤ በብስጭት ነው። መጂዳ መጥታ "ምን አደረገችሽ?" ብትላት "አበላችኝ" አለች፤ መጂዳም አጠገቧ ተቀመጠች።

ሌሊት የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በነጠላ ነጭ ሆኖ ነበር። ቄስ ምናለ ገና ሳይለብሱ በሴቶች በር አጠገብ ሲያልፉ አገኘቻቸው።

"ታረቅሽ?"

"ታርቄአለሁ፣ አባ።"

"እሰይ! ተዘጋጂ እንግዲህ።"

"በልቻለሁ። ያስታረቀን እሱ ነው።"

ቄስ ምናለ ቆመው አዩዋት። ነገሩ ሲገባቸው እጃቸው መስቀሉ ላይ ቀረ። "እኔ እንዲህ ይመጣል አላልኩም ነበር" አሉ። "ቆመሽ አስቀድሽ" ብለዋት ሄዱ።

ቅዳሴው ተቀደሰ፤ ካህናቱ ሊያቆርቡ ድርገት ወረዱ። ቆራቢዎች ተራ ያዙ። የትናየት ከግድግዳው ተጠግታ ከቆመችበት አልተነሣችም። በበዓል ቀን የቀረ ቆራቢ እንዴት እንደሚታይ ታውቃለች፤ ስንቱን ራሷ እንዲያ አይታዋለች። ብዙም አልቆየ፣ ከኋላዋ ሹክሹክታው ተነሣ።

"ያች የትናየት አይደለችም? ምነው ቀረች?"

"አረቄውን ጀምራው ይሆናላ።"

"ኧረ ሰው ይዛለች ይባላል። አንዱ ሹፌር..."

የባየሽ ስም ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። አንድ ቃል ተናግራ ነገሩን ከራሷ ማውረድ ትችል ነበር። እንደ ዛሬ እውነት ይዛ ሰው ለመናገር የጓጓችበት ቀን የለም። ከንፈሯን ነክሳ ወደ መቅደሱ እያየች ቆመች፤ ሰዎቹ ሲቀበሉ፣ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሲመለሱ አንድ በአንድ አየች።

"እኔ ነኝ ያበላኋት!"

ሕዝቡ ሁሉ ዞረ። ባየሽ ነበረች፤ በራፉ ላይ ነጠላዋን ተከናንባ ቆማለች። ቤተ ክርስቲያን ከረገጠች ስንት ዓመቷ ነው! የትናየት በልታ በድብቅ ትቆርብ እንደሆነ ልታጋልጣት መጥታ ነው የሚሉ አሉ፤ ይሆናል፤ ባየሽ ናትና። አሁን ግን ወደ ሐሜተኞቹ እየመጣች ነበር።

"እንደምትቆርብ እያወቅሁ ነው ያበላኋት! አልሰማችሁም? ማማት ካማራችሁ እኔን እሙኝ!"

"ዝም በይ፤ ቅዳሴ ላይ ነን" አለቻት የትናየት። ነጠላዋን ይዛ ስባ አጠገቧ አቆመቻት።

ባየሽ ዝም አላለችም፤ ድምፅዋን ብቻ ዝቅ አደረገች። ፊቷ በእንባ ርሷል። "ሂጅ ለቄሱ ንገሪያቸው። በግድ ነው የበላሁት በያቸው። እኔ እመሰክራለሁ፤ ይስጡሽ።"

የትናየት ወደ መቅደሱ አየች። ተራው እያለቀ ነበር፤ ሁለት አሮጊቶች ብቻ ቀርተዋል። ብትሄድ ምናልባት ቄሱ ይራሩላት ይሆናል፤ ያም ሐሳብ አለፈባት።

"በግድ አይደለም" አለች። "ያቀረብሽው አንች ነሽ፤ የዋጥኩት እኔ ነኝ። አሁን ስገጂ፤ ሰው እያየን ነው።"